የወጣቶች ድባቴና አብሮት የሚኖረው ሌላው ሕመም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ስለ ወጣቶች ድባቴ ደጋግማችሁ መጻፋችሁ ደግ ነው። «ጥጋብ ነው»፣ «ሥራ ስለፈታ ነው» ይባል የነበረው ነገር ሕመም መሆኑን አንባቢም እየለመደው መጥቷል። በሰሜን ሸዋ ዞን በአእምሮ ጤና አገልግሎት የተሰማራን የእኛ የባለሙያዎቹ ቅሬታ ሌላ ነው። ድባቴ ሁልጊዜ ብቻውን እንደሚመጣ ተደርጎ ይጻፋል፣ ምክሩም «ወደ ሐኪም ይሂድ» ብሎ ያበቃል። በየአገሩ የተደረጉ ጥናቶች የሚያሳዩት ግን ድባቴ ካለባቸው ልጆችና ወጣቶች ከግማሽ የሚበልጡት ሌላም የአእምሮ ሕመም እንዳለባቸው ነው። አንዱ ጭንቀት አለበት፣ ሌላው ሱስ፣ ሌላዋ ጦርነት የተወባት ቅዠት። ይህ ሁለተኛው ሕመም ካልተጠየቀ ለድባቴው የሚሰጠው ሕክምና ወይ አይሠራም ወይ ይጎዳል። ከደብረ ብርሃን እስከ መሐል ሜዳ፣ ከሸዋ ሮቢት እስከ ዓለም ከተማ ያሉ ወላጆች፣ መምህራንና የጤና ጣቢያ ባልደረቦች ሊሠሩበት በሚችሉት መንገድ ጉዳዩን ዘርዘር አድርገን እንጽፋለን።

ድባቴ የሚባለው ምልክቱ ቢያንስ ሁለት ሳምንት፣ የቀኑን አብዛኛውን ሰዓት ሳይለቅ ሲቆይ ነው። ስሜት መጨፍገግ፣ ይወዱት የነበረው ነገር ማስጠላት፣ የእንቅልፍና የምግብ መዛባት፣ ድካም፣ ራስን መውቀስ፣ ሐሳብ መሰብሰብ አለመቻል፣ ሞትን መመኘት ዋና ዋናዎቹ ናቸው። በአሥራዎቹ ዕድሜ ያለ ልጅ ላይ ግን መጨፍገጉ በቁጣ ሊተካ ይችላል። ለእናቱ ክፉ የሚመልስ፣ ታናሹን የሚመታ፣ በር የሚያላጋ ልጅ «ባለጌ» ይባላል እንጂ ታሟል አይባልም። ልጆች ብዙ ጊዜ «ከፋኝ» አይሉም፤ «ራሴን»፣ «ሆዴን»፣ «ልቤን ይመታኛል» ነው የሚሉት። ስለዚህ ምች ነው፣ ጨጓራ ነው እየተባለ ወራት ይነጉዳሉ።

በጤና ተቋማት ፒኤችኪው-9 የሚባል የዘጠኝ ጥያቄ መመዘኛ አለ። ለእያንዳንዱ ጥያቄ ከ0 እስከ 3 ይሰጣል፣ ድምሩ ከ27 ነው፤ 10 እና ከዚያ በላይ ያመጣ ሰው በደንብ መታየት አለበት። ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ነገር ግን የሚለካው የምልክቱን ክብደት እንጂ ከየት እንደመጣ አይደለም። ከትናንት በስቲያ ጫት ያቆመ ልጅ 16 ሊያመጣ ይችላል። ደም ያነሳት ወይም የእንቅርቷ ዕጢ ሥራው የቀነሰባት ልጅም እንዲሁ። ባይፖላር፣ ማለትም ስሜት አንዴ ወደ ድባቴ ዝቅ፣ አንዴ ከልክ በላይ ከፍ የሚልበት ሕመም ያለበትም እንዲሁ። ቁጥሩን ካርድ ላይ ጽፎ ኪኒን ማዘዝ ነው ነገር የሚያበላሸው። ከቁጥሩ በኋላ የሚመጡት ጥያቄዎች ናቸው ዋናው ሥራ።

ከጫትና ከአረቄ እንጀምር፣ በዞናችን ብዙ ነገር የሚደባለቀው እዚያ ነውና። ጫት ሲቃም ምርቃናው ለጥቂት ሰዓት ስሜትን ከፍ ያደርጋል፤ ከወረደ በኋላ የሚመጣው ንጭንጭ፣ ተስፋ መቁረጥና እንቅልፍ ማጣት ከድባቴ አይለይም። በየቀኑ የሚቅም ሰው ሲያቆም ደግሞ ዱካክ ይይዘዋል፤ ይተኛል፣ አስፈሪ ሕልም ያያል፣ ይደብተዋል። ይህ በአብዛኛው በቀናት ውስጥ፣ ቢበዛ በሁለት ሳምንት ገደማ እየቀለለ ይሄዳል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ትቅማለህ ወይ?» አይደለም፤ ለእሱማ መልሱ ይታወቃል፣ «አልቅምም» ነው። «ለመጨረሻ ጊዜ የቃምከው መቼ ነው? ከዚያ በኋላስ ለመተኛት ምን ትጠጣለህ?» ቢባል ይሻላል። ጨብሲው ይወጣል። ብዙ ወጣት አረቄ የጀመረው ምርቃናውን ሰብሮ ለመተኛት ነው፤ በዓመቱ ሁለት ሱስና አንድ ድባቴ ተሸክሞ ይገኛል።

ቀጥሎ ቅደም ተከተሉን መያዝ ነው። ድባቴው ከጫቱና ከመጠጡ በፊት ነበረ? ለምሳሌ 7ኛ ክፍል እያለ፣ ገና ምንም ሳይቀምስ? ወይስ ቃሚ ሆኖ ሳለ ለጥቂት ወራት አቁሞ በነበረበት ጊዜ ስሜቱ እንዴት ነበር? ቀድሞ የነበረ ከሆነ ወይም ባቆመበት ጊዜም ያልለቀቀው ከሆነ ድባቴው ራሱን የቻለ ሕመም ነው፤ ከሱሱ ጋር ጎን ለጎን ይታከማል። ካልታወቀ ግን ጫቱ ከቆመ ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ መጠጡ ከቆመ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት በኋላ መመዘኛው ይደገማል። ልብ በሉ፣ ይህ «መጀመሪያ ሱስህን አቁመህ ና» ብሎ መመለስ ማለት አይደለም። እንዲህ ተብሎ የተመለሰ ልጅ አይመጣም። ቀጠሮ ይሰጠዋል፣ በየሳምንቱ ይታያል፤ የመሞት ሐሳብ ካለው ደግሞ ምንም ሳይጠበቅ ዛሬውኑ ይታከማል።

አረቄ ላይ አንድ ሌላ አደጋ አለ። በየቀኑ የሚጠጣ፣ ጠዋት እጁ እየተንቀጠቀጠ አንድ መለኪያ ካልደገመ ሥራ የማይጀምር ወጣት በድንገት እንዲያቆም መደረግ የለበትም። ካቆመ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ መንቀጥቀጥና ላብ ይመጣል፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት እንደ ሚጥል በሽታ ሊጥለው ይችላል፤ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ አንዳንዱ ይቃዣል፣ የሌለ ነገር ያያል፣ ቀንና ሌሊቱ ይጠፋበታል። ይህ ሕይወት የሚቀጥፍ ድንገተኛ ሕመም ነው። ችግሩ ብዙ ቤተሰብ ልጁን ከአረቄው አላቅቆ በቀጥታ ጠበል ይወስደዋል፤ በሦስተኛው ቀን ሲቃዥ «መንፈሱ ለፈለፈ» ይባላል፣ የበለጠ ይጠመቃል፣ ይታሰራልም። እንዲህ ያለው ልጅ መጀመሪያ ሆስፒታል ገብቶ ዳያዚፓምና ቫይታሚን ቢ-1 እየተሰጠው ሳምንቱን ማለፍ አለበት። ግሉኮስ የሚሰጠው ከሆነም ቢ-1 ይቀድማል።

ሱስን ያህል የማይነገርለት፣ ሲሳሳቱት ግን ዋጋ የሚያስከፍለው ባይፖላር ነው። ይህ ሕመም በወጣትነት ሲጀምር ብዙ ጊዜ ፊቱን የሚያሳየው በድባቴ ነው፤ ከፍታው ዘግይቶ ይመጣል ወይም ቤተሰብ እንደ ሕመም አይቆጥረውም። እንደ ፍሎክሲቲን ያለ የድባቴ መድኃኒት ለብቻው ከተሰጠው ወደ ከፍታው ሊገለበጥ ይችላል። ሲገለበጥ ደግሞ ለቤተሰቡ የዳነ ይመስላቸዋል፦ በሁለት ሳምንት ከአልጋ ተነሣ፣ ያወራል፣ ይስቃል፣ ሌሊት እንኳ ሳይተኛ ይሠራል! ስለዚህ ከመድኃኒቱ በፊት ጥያቄው ለልጁ ብቻ ሳይሆን ለእናት ወይም ለታላቅ እህት መቅረብ አለበት። «አራት ቀን፣ ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ሁለት ሦስት ሰዓት ብቻ ተኝቶ ሳይደክመው የቆየበት ጊዜ ነበር? ወሬው ፈጥኖ፣ ሰው መሐል እየገባ፣ ሳያማክር በግ ሸጦ፣ ለሁሉም ቃል እየገባ?» በቤተሰብ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው መኖሩም ይጠየቃል። መልሱ አዎ ከሆነ ጉዳዩ ወደ አእምሮ ሕክምና ባለሙያ ይመራል፣ የሚታዘዘውም ስሜትን የሚያረጋጋ መድኃኒት ነው። ልጅ ልትወልድ በምትችል ወጣት ላይ ከእነዚህ አንዱ የሆነው ሶዲየም ቫልፕሮኤት በጽንስ ላይ ከባድ ጉዳት ስለሚያደርስ ሌላ አማራጭ ይፈለግላታል።

ይህ ወደ ጠበልና ጾም ያመጣናል። በሸንኮራ ዮሐንስም ሆነ በጻድቃኔ ማርያም ጠበልና መድኃኒት ይጣሉ እንደሆነ የማይጠይቅ ቤተሰብ የለም። አይጣሉም። የሚጣላው መድኃኒቱን ማቆም ነው። ፍሎክሲቲን በባዶ ሆድም ከምግብ ጋርም ይዋጣል፤ በሰውነት ውስጥ ለቀናት ስለሚቆይ በጾም ወራት ጠዋት ይወስድ የነበረ ሰው ወደ 9 ሰዓት ቢያዛውረው ጥቅሙ አይቀንስም። ለባይፖላር የሚሰጠውን ሊቲየም የሚወስድ ወጣት ግን ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ውሃ ሳይጠጣ ከዋለ፣ ጠበል ጠጥቶ ደጋግሞ ካስመለሰው ወይም ካስቀመጠው፣ እንደ ሸዋ ሮቢትና ቀወት ባለ ቆላ ላብ ካጠበው መድኃኒቱ በደሙ ውስጥ ተጠራቅሞ ይመርዘዋል። እንደ ሰከረ መንገዳገድ፣ ምላስ መተሳሰር፣ ከወትሮው የከፋ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ተቅማጥ ሲታይ ሊቲየሙን አቁሞ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መሄድ ነው። ለወገብ ሕመም ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም ያንኑ ጉዳት ያመጣሉ። ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን ከጾም እንደምትፈታ ካህናቱ ያውቃሉ፤ ልጁ «ኃጢአት ነው» ብሎ እንዳይጨነቅ ይህን ከንስሐ አባቱ አፍ ቢሰማ ከእኛ ምክር ይበልጥበታል።

ስለ ንስሐ አባት ካነሣን፣ እነሱ ከማንም ቀድመው የሚያዩት ሕመም አለ። ጸሎት ላይ ሳለ የማይፈልገው የስድብ ሐሳብ እየመጣ የሚያሰቃየው፣ አባታችን ሆይን «አንድ ቃል ተሳሳትኩ» እያለ አሥር ጊዜ ከመጀመሪያው የሚጀምር፣ ያንኑ ኃጢአት በሳምንት ሦስት ጊዜ የሚናዘዝ ወጣት አለ። ይህ የእምነት ጉድለት ወይም የክፉ መንፈስ ሥራ ሳይሆን የሐሳብና የድርጊት መደጋገም ሕመም ነው፤ እንዲህ ዓመት የከረመ ሰው ድባቴ ቢጨምርበት አይገርምም። ድባቴውን በተለመደው የመድኃኒት መጠን አክመን በስድስት ሳምንት «አልሠራም» ካልን ስሕተቱ የእኛ ነው። ይህ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ከፍ ያለ መጠንና እስከ 12 ሳምንት ትዕግሥት ይፈልጋል። ካህኑም ልጁ በመጣ ቁጥር «አይዞህ፣ ተፈትቶልሃል» ማለቱ ለአንድ ሰዓት ያሳርፈዋል እንጂ ነገ ደግሞ ይመልሰዋል። አንድ ኃጢአት አንድ ጊዜ ብቻ እንዲናዘዝ፣ ቢደግም መልስ እንደማይሰጠው አስቀድሞ በፍቅር መስማማት ይበጃል።

ጭንቀት ብዙ ጊዜ ከድባቴው በፊት የመጣ ነው። ከክፍል ፊት ቆሞ ማንበብ የሚያስፈራው የ9ኛ ክፍል ተማሪ መጀመሪያ እጅ ማውጣት ይተዋል፣ ቀጥሎ ሰኞ ሰኞ ይቀራል፣ በኋላ ትምህርቱን ያቋርጣል፤ ድባቴው የሚመጣው ቤት ከዋለ በኋላ ነው። መምህራን በቅንነት ሁለት ዓይነት ስሕተት ይሠራሉ። አንዱ «ተወው፣ ዓይናፋር ነው» ብሎ ጨርሶ አይጠይቀውም፤ ሽሽቱ ፍርሃቱን ያሳድገዋል። ሌላው ጎትቶ ሰሌዳ ፊት ያቆመዋል። የሚሠራው ደረጃ በደረጃ ነው፦ መጀመሪያ ለአንድ ጓደኛው ያነባል፣ ቀጥሎ በዕረፍት ሰዓት ለመምህሩ ብቻ፣ ቀጥሎ ከመቀመጫው ሳይነሣ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ከዚያ ቆሞ፣ በመጨረሻ ከፊት። በየደረጃው ፍርሃቱ በግማሽ ያህል እስኪቀንስ ይደጋገማል እንጂ ቀን ተቆጥሮ አይታለፍም። ድባቴው ከባድ ከሆነ ግን ይህ አይጀመርም፤ ልጁ አቅም የለውምና ይወድቃል፣ ውድቀቱም ራሱን ለመውቀስ ሌላ ማስረጃ ይሆነዋል። መጀመሪያ ሰውነቱን ማንቀሳቀስ ነው። «ተነቃቃ እንጂ!» ሥራ አይደለም፤ «ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ተነሥተህ ጥጆቹን አውጣ» ሥራ ነው። ትንሽ፣ ሰዓት የተቆረጠለት፣ መደረግ አለመደረጉ በዓይን የሚታይ፣ ለመጀመሪያው ሳምንት በቀን አንድ ወይም ሁለት። ፍላጎቱ እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ፍላጎት የሚመጣው ከተንቀሳቀሱ በኋላ ነው።

በ2013 የአጣዬን፣ በ2014 የደብረ ሲናንና የሸዋ ሮቢትን ነገር ያዩ ልጆች ዛሬ ሁለተኛ ደረጃና ዩኒቨርሲቲ ገብተዋል፤ ከዚያ በኋላ የመጣውም አላረፈም። በር ሲንኳኳ የሚበረግግ፣ ያንን መንገድ ዞሮ የሚሄድ፣ ሌሊት እየጮኸ የሚነሣ ልጅ ምልክቱ ከአንድ ወር ካለፈ የድባቴ ኪኒን ብቻውን ላይበቃው ይችላል፤ ለትዝታው የተለየ የምክር ሕክምና አለ። ያየውን እንዲተርክ ማስገደድ አይረዳም። ለእንቅልፍ ተብሎ ዳያዚፓም በወር በወር መስጠትም ሌላ ሱስ መክፈት ነው። የሚጥል በሽታ ላለባቸው ወጣቶችም አንድ ቃል፦ የሚወስዱት ፌኖባርቢታል ራሱ ድብርትና ንጭንጭ ሊያመጣ ይችላል፤ እንዲህ ሲሆን ለሐኪሙ ነግሮ ማስቀየር እንጂ በድንገት ማቆም አይገባም፤ በሽታው ደጋግሞ ሊጥላቸው ይችላልና። ከልጅነቱ ጀምሮ አንድ ቦታ የማይቀመጥ፣ ሐሳቡ የሚበታተን ልጅና ትኩረቱ ዘንድሮ የጠፋበት ልጅ አንድ አይደሉም፤ የፊተኛው የትኩረት ማጣት ሕመም፣ የኋለኛው ድባቴ ሊሆን ይችላል። የፊተኛው ምልክቱ ከ12 ዓመት ዕድሜው በፊት የጀመረ መሆኑን እናት ትነግረናለች።

ስለ መድኃኒቱ ቤተሰብ ማወቅ ያለበት ጥቂት ነው፣ ግን ብዙ ጊዜ አይነገረውም። በአሥራዎቹ ዕድሜ ላሉ የሚመረጠው ፍሎክሲቲን ነው፤ በ10 ሚሊ ግራም ተጀምሮ ከሳምንት ሁለት ሳምንት በኋላ ወደ 20 ይወጣል። ባለ 20ው እንክብል ብቻ ከተገኘ በቀን ልዩነት እንዲጀምር የሚያዝ ሐኪም አለ። ጥቅሙ እስኪታይ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል፣ የማቅለሽለሹና የመረበሹ ነገር ግን በመጀመሪያው ሳምንት ይመጣል፤ ለዚህ ነው ብዙዎች በአሥረኛው ቀን የሚጥሉት። ከተሻለው በኋላም ቢያንስ ከ6 እስከ 12 ወር ይቀጥላል። ከ25 ዓመት በታች ባሉ ወጣቶች ላይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራስን የማጥፋት ሐሳብ ሊጨምር ስለሚችል ልጁ በየሳምንቱ መታየት አለበት። ፍሎክሲቲንን ከሕመም ማስታገሻው ትራማዶል ጋር መውሰድ አደገኛ ነው። አሚትሪፕቲሊን ለአሥራዎቹ ዕድሜ ድባቴ አይታዘዝም፣ በዝቶ ከተወሰደ የልብን ምት ያዛባል። ማንኛውም መድኃኒት ሲሰጥ ለሁለት ሳምንት የሚበቃው ብቻ ይሰጥ፣ መድኃኒቱንም ሌላ ሰው ይያዘው።

ሁለት ሕመም የተደረበበት ወጣት ራሱን የማጥፋት አደጋው አንድ ካለበት ይበልጣል፤ ሱስ ከተጨመረበት ደግሞ የባሰ ነው። ስለ መሞት መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣም። በቀጥታ ይጠየቃል፦ «መኖር አስጠልቶህ ያውቃል? ራስህን ለማጥፋት አስበሃል? እንዴት እንደምታደርገው አስበሃል?» ሦስተኛው ጥያቄ «አዎ» ከተባለ ለደቂቃ ብቻውን አይተውም። በገጠር ቤት የፀረ ተባይ መድኃኒት አልጋ ሥር ወይም ጎተራ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ በቁልፍ ሳጥን ይግባ፣ ቁልፉ ከአባወራው አንገት አይውረድ፣ የተረፈው ጎረቤት ቤት ይሂድ። ብዙው ሙከራ በደቂቃዎች ውስጥ የሚወሰን ነው፤ የተቆለፈ ሳጥን ያንን ጊዜ ያሳልፋል።

ወደ ጤና ጣቢያ ስትመጡ ይዛችሁ ኑ የምንለው፦ ልጁ የሚወስደውን መድኃኒት ሁሉ ከነማሸጊያው፣ የጠበል ቦታና የባህል መድኃኒት ከተሞከረ እሱንም ሳትደብቁ፣ የመጀመሪያው ለውጥ የታየበትን ወርና የክፍል ደረጃ፣ ከልጅነቱ የሚያውቀውን አንድ ሰው። የጤና መድን ያላችሁ ከጤና ጣቢያው ሪፈር ሳትይዙ ደብረ ብርሃን አትውረዱ፣ ከኪሳችሁ ትከፍላላችሁና። ባለሙያው ልጁን ለብቻው የሚያናግርበት አሥር ደቂቃም ፍቀዱ፤ ጫቱም፣ ሴት ልጅ ከሆነች የደረሰባት ጥቃትም፣ የመሞት ሐሳቡም የሚወጣው በዚያች አሥር ደቂቃ ነው።

ለዝግጅት ክፍላችሁ ያለን ጥያቄ ሁለት ነው። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ውጤት የሚወጣበት ሳምንት ከላይ ያልነውን ሁሉ ተሸክሞ ለቆየ ልጅ ከባድ ሳምንት ነው፤ በዚያው ገጽ ላይ የማለፊያውን ቁጥር ስታወጡ የአደጋ ምልክቶቹንና በአቅራቢያ ያለው ጤና ጣቢያ የአእምሮ ጤና አገልግሎት መጠየቅ እንደሚቻል አብራችሁ አውጡ። ሁለተኛው፣ ራሱን ስላጠፋ ወጣት ስትዘግቡ የተጠቀመበትን ነገርና ቦታውን አትጻፉ፣ «በፈተና ወድቆ ራሱን አጠፋ» የሚል ርዕስም አትስጡ። ምክንያቱ ከሞላ ጎደል መቼም አንድ አይደለም፣ ያንን ርዕስ የሚያነብ ሌላ የወደቀ ልጅም አለ።

ከአክብሮት ጋር፣
በሰሜን ሸዋ በአእምሮ ጤና አገልግሎት ላይ የተሰማራን ባለሙያዎች
ደብረ ብርሃን